አምስት ኪሎ ሜትር ለማን ቅርብ ነው?

የሕንድ መንግሥት ሕዝቡን በየ10 ዓመቱ ሲያስቆጥር ለየአውራጃው አንዳንድ ወፍራም መጽሐፍ ያሳትማል። በመጽሐፉ ውስጥ የአውራጃው መንደሮች አንድም ሳይቀር በተራ ተደርድረው ይገኛሉ። ለአንዲት መንደር የተሰጣት ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው። በዚያች መስመር ላይ የመሬቷ ስፋት፥ የቤተሰቡ ብዛት፥ የወንዱና የሴቱ ቁጥር ይጻፋል፤ ቀጥሎም ትምህርት ቤት፥ ሐኪም ቤት፥ ፖስታ ቤት፥ አውቶቡስ፥ የባቡር ጣቢያ ያላት እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይመለከታል። የሌላት እንደ ሆነ ቦታው ባዶ አይተውም፤ አንድ ፊደል ይቀመጥበታል። የመጀመሪያው ፊደል የተፈለገው ነገር ከ5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ይገኛል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከ5 እስከ 10፤ ሦስተኛው ከ10 በላይ። በኛ ፊደል «ሀ»፥ «ለ»፥ «ሐ» ብንላቸው ነገሩን አይለውጠውም፤ እኔም ከዚህ በታች እንዲሁ እጠራቸዋለሁ።

በ2011 በተደረገው ቆጠራ (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የሕንድ ሕዝብ 1 ቢሊዮን 210 ሚሊዮን ሆኖ ሲገኝ፥ ከዚህ ውስጥ 833 ሚሊዮን የሚሆነው በገጠር የሚኖር ነበር። የተመዘገቡት መንደሮች ወደ 640,000 ሲደርሱ ሰው የሚኖርባቸው ወደ 597,000 ናቸው። ከዚያ ወዲህም ሕዝቡ በዝቶ፥ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ ገመተው፥ ሕንድ በ2023 ቻይናን በሕዝብ ብዛት በልጣለች። ለዚህ ሁሉ መንደር ለያንዳንዱ አንድ መስመር ተጽፎለታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ማዘጋጀት ቀላል ሥራ ስላይደለ፥ የአዘጋጆቹን ድካም አቃልዬ መናገር አልፈልግም። የጂኦግራፊ ተማሪ የሆነ ሁሉ ቢያየው የሚቀናበት መዝገብ ነው።

የኔ ጠብ ከዚያች ከ«ሀ» ጋር ነው።

አንድ ሹም በዴልሂ ወይም በፓትና ከተማ ጠረጴዛው ላይ መዝገቡን ዘርግቶ «አውቶቡስ፦ ሀ» የሚለውን ሲያነብ ምን ይገባዋል? አውቶቡስ ቅርብ ነው ማለት ይገባዋል። «ሐ» ወደ ተጻፈባት መንደር ዓይኑን ይጥላል እንጂ በ«ሀ» ላይ አይቆምም። ነገር ግን 4 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚርቅ ነገርም «ሀ» ነው፤ 300 ሜትር የሚርቅም «ሀ» ነው። ጤነኛ ጎልማሳ 4 ኪሎ ሜትር ተኩሉን በአንድ ሰዓት ይሄደዋል፤ ሲመለስ ሌላ አንድ ሰዓት። ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ደግሞ ሲጋራውን አጭሶ ሳይጨርስ ይደርሳል። ምጥ የያዛት ሴትስ? በሩማቲዝም የተያዘ ሽማግሌስ? ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በሚዘንበው በሞንሱን ዝናብ ጊዜ፥ መንገዱ ጭቃ ሲሆንና በሰሜን ቢሃር የኮሲ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ፥ ያችው 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ስንት ትሆናለች?

የ2011 ቆጠራ የቤት ዕቃንም ጠይቆ ነበር። ከመቶ የገጠር ቤቶች ውስጥ ብስክሌት የተገኘው በ46ቱ፥ ሞተር ብስክሌት በ14ቱ፥ አውቶሞቢል በ2ቱ ነው። ስለዚህ ከመቶው ቤት ከግማሽ የሚበልጠው ብስክሌት እንኳ አልነበረውም። ባለበትም ቤት ቢሆን አባወራው ሲነዳ እንጂ ሚስቲቱ ወይም ልጃገረዷ ስትነዳ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። «ቅርብ» የሚለው ቃል፥ ብስክሌቱ የማን ነው ብለን ሳንጠይቅ ትርጕም የለውም።

ይህን የምለው ከራሴ አመንጭቼ አይደለም። የቢሃር ክፍለ ግዛት መንግሥት በ2006፥ ኒቲሽ ኩማር ዋና ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፥ 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች ለብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ ይሰጥ ጀመር። ቢሃር ከድኾቹ ክፍላተ ግዛት አንዷ ስትሆን፥ እዚያ ሴት ልጅ በብስክሌት ላይ ተቀምጣ ማየት ነውር ይባል ነበር። ካርቲክ ሙራሊድሃራንና ኒሺት ፕራካሽ የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ውጤቱን መርምረው በ2017 ባሳተሙት ጥናት፥ በዕድሜያቸው ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገቡት ልጃገረዶች 32 በመቶ ጨምረው፥ በወንድና በሴት መካከል የነበረው ልዩነት ደግሞ 40 በመቶ ጠብቦ አገኙ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፦ ጭማሪው ጎልቶ የታየው ትምህርት ቤቱ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ። 3 ኪሎ ሜትር በመዝገቡ ላይ «ሀ» ነው። በመዝገቡ ቅርብ የተባለው ርቀት፥ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ከ8ኛ ክፍል በኋላ ቤት ያስቀረ ርቀት ሆኖ ተገኘ። የመማሪያ መጽሐፉ አልተለወጠም፥ አስተማሪው አልተጨመረም፥ አባቶችም በአንድ ሌሊት ሌላ ሰው አልሆኑም፤ የመጣው ሁለት ጐማ ነው። ሴት ልጅ የማትማረው ባላገሩ ትምህርት ስለሚጠላ ነው እያልን በየክርክሩ ስንናገር የቆየን ሁሉ፥ ይህን ጥናት ሁለት ጊዜ ብናነበው አይጎዳንም።

አሁን ከርቀቱ ወደ ሕዝቡ ቁጥር እንለፍ፤ ምክንያቱም በሕንድ አገር መንገድ የሚያገኝ መንደር የሚመረጠው በነፍስ ቁጥር ነው። ነገሩ የቆየ ነው። በ1974 የተጀመረው አምስተኛው የአምስት ዓመት ፕላን፥ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ 1,500 ነፍስና ከዚያ በላይ ላላቸው መንደሮች እንዲደርስ አሰበ። ከ1981 እስከ 2001 የተዘረጋው የመንገድ ፕላን ደግሞ ቁጥሩን ወደ 500 ዝቅ አደረገው። ዘመኑ አለቀ፤ ሥራው ግን አላለቀም። ከ825,000 ጎጦች 330,000 የሚሆኑት መንገድ እንደሌላቸው የታወቀው፥ ጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ በዲሴምበር 25 ቀን 2000 አዲሱን የገጠር መንገድ ፕሮግራም ባስጀመሩበት ጊዜ ነው። አዲሱ ፕሮግራም በሜዳው አገር 500 ነፍስ ላለው ጎጥ፥ በተራራው፥ በበረሃውና አዲቫሲ የሚባሉት ነገዶች በሚኖሩበት አገር 250 ነፍስ ላለው ጎጥ መንገድ እንዲሠራ ደነገገ። በሜዳውም ቢሆን አስቀድሞ 1,000 ነፍስ ያላቸው፥ ቀጥሎ 500 ያላቸው እንዲሆን ተራ ወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ከ700,000 ኪሎ ሜትር በላይ የገጠር መንገድ ተሠርቷል። ይህ በማንም አገር ሚዛን ትልቅ ሥራ ነው፤ የማይደነቅበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ብዙ ጸሐፊ ስለ ሕንድ ሲጽፍ እዚህ ላይ ቆሞ «ጨረቃ የደረሰች አገር መንደሯ መድረስ አቃታት» እያለ ያላግጣል። እኔ ይህን ማላገጥ አልወደውም። በ2023 ጨረቃ ላይ ያረፈው መንኰራኵር የአንድም መንደር አውቶቡስ የቀማ አይመስለኝም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ 500 የተባለው ቁጥር ከየት የመጣ ነው? 500ኛው ሰው ሲወለድ መንደሪቱ መንገድ የሚገባት ትሆናለች፤ አንድ ሽማግሌ ሲሞትና 499 ስትሆን ግን አይገባትም ማለት ነውን?

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት መንገድ ለመንደር ምን እንዳመጣ ሲመረምሩ የተጠቀሙት ይህንኑ ገደብ ነው። ከገደቡ በጥቂት የሚበልጡትንና ከገደቡ በጥቂት የሚያንሱትን መንደሮች አስተያዩ፤ ምክንያቱም እነዚህ መንደሮች በዘራቸው፥ በእርሻቸውም፥ በድኽነታቸውም አንድ ዓይነት ሆነው የሚለያዩት በቁጥር ብቻ ነው። ለሊቃውንቱ ይህ እንደ ልብ የሚመች ሚዛን ሆነላቸው። ከገደቡ ዝቅ ብላ ለቀረችው መንደር ግን ሚዛን መሆን ምን ያደርግላታል?

በዚህ ላይ ቁጥሩ የቆመ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በ2001 ቆጠራ የተገኘውን ሕዝብ ነበርና፥ በ2001 ላይ 470 ነፍስ የነበራት ጎጥ በ2011 ላይ 560 ብትሆንም በወረቀቱ ላይ 470 ሆና ቆየች። የ2011 ቁጥር መሠረት እንዲሆን የተወሰነው በሴፕቴምበር 2024 አራተኛው የፕሮግራሙ ክፍል ሲፈቀድ ነው፤ በዚህም 25,000 ጎጦችን ለማገናኘት 62,500 ኪሎ ሜትር መንገድ ታሰበ። በዚያን ጊዜ የ2011 ቆጠራ ራሱ 13 ዓመት ሆኖት ነበር። በ2021 ሊደረግ የነበረው ቆጠራ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተላልፎ ስለ ነበረ ሌላ ቁጥር አልነበረም። በዚያች ጎጥ በ2001 የተወለደች ልጅ፥ መንደሯ ለመንገድ የበቃች መሆንዋ በወረቀት ላይ ሲጻፍላት የ23 ዓመት ሴት ሆናለች። የመንገዱ ሥራ ደግሞ ገና ነው።

ከዚህ የከፋ ነገር የሚታየው በሂማላያ ተራራ ሥር ባለችው በኡታራካንድ ነው። በዚያ ያሉት ፓውሪ ጋርዋልና አልሞራ የሚባሉ ሁለት አውራጃዎች፥ የሕንድ ሕዝብ በዚያ ሁሉ ፍጥነት ሲበዛ፥ በ2011 የተገኘባቸው ሕዝብ በ2001 ከነበረው አንሶ ተገኘ። በክፍለ ግዛቲቱ ከ1,000 የሚበልጡ መንደሮች አንድም ሰው የማይኖርባቸው ሆነው ተመዘገቡ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መሬቱ ትንሽ ነው፥ ዝንጀሮና የዱር አሳማ አዝመራውን ያጠፋል፥ ሥራው ያለው በሜዳው ከተማ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ለመድረስ ዳገት ቍልቍለቱን ግማሽ ቀን የሚሄድ ቤተሰብ፥ ጕልበት ያለው ልጁ ሲሄድ አብሮት መሄዱ አይቀርም። መንገድ ስለሌለ ሰዉ ይሄዳል፤ ሰዉ ስለ ሄደ ቍጥሩ ያንሳል፤ ቍጥሩ ስላነሰ መንገድ አይገባትም ይባላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ «መንደሪቱ በራሷ ጊዜ ጠፋች» ብሎ መጻፍ እውነት መደበቅ ነው።

አውቃለሁ፥ የኤኮኖሚ ትምህርት ወዳጆቻችን እዚህ ላይ እጃቸውን ያነሣሉ። ገንዘብ እንደ ውሃ አይቀዳም፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ጠጠር 1,000 ሰው ማገልገል ሲቻል ለ120 ሰው ማውጣት ብክነት ነው፤ ትናንሾቹ መንደሮች ተሰብስበው አንድ ትልቅ መንደር ይሁኑና ሁሉም ይደረስላቸው ይላሉ። መሰብሰቡን በተመለከተ ረጅም ክርክር አያስፈልገኝም፤ በኛ አገር ከ1985 ጀምሮ በመንደር ምሥረታ ስም የተደረገውን ወላጆቻችንን መጠየቅ ይበቃል። የገንዘቡ ነገር ግን እውነት አለበት። ተራ መያዝ የግድ ነው፤ ተራም ያለ ቁጥር አይያዝም። እኔ የምቃወመው መቁጠሩን ሳይሆን የሚቆጠረውን ነው። ስንት ሰው ይኖራል ተብሎ ሲጠየቅ፥ እነዚህ ሰዎች ዛሬ የት መድረስ አቃታቸው የሚለው አብሮ ካልተጠየቀ፥ ሁልጊዜ ተራው የመጨረሻ የሚሆነው ያው አንድ ዓይነት ሰው ነው። በትንንሽ ጎጥ ተበታትኖ የሚኖረው ማነው? በተራራው ላይ ያለው፥ በጫካው ውስጥ ያለው አዲቫሲ፥ ከዋናው መንደር ውጭ ለብቻው እንዲሠፍር የተደረገው ዳሊት ነው። ተበታትኖ የሚኖረው እንዲሁ ስለ ፈለገ ብቻ አይደለም፤ ለም የሆነው ሜዳ በሌላ ሰው ስለ ተያዘበት ነው። ቁጥሩ ማንንም ባይጠላም የተጠላውን ሰው ጎጥ ለይቶ ያገኘዋል።

ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ከመንገድ ወይም ከተገናኘ ጎጥ 500 ሜትር የማይርቅ ጎጥ እንደ ተገናኘ ይቆጠራል። ደንቡ ሲታይ ትክክል ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ምን አላት? ነገር ግን ዳሊቶቹ ከዋናው መንደር ተለይተው የሠፈሩበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም። መንገዱ የሚቆመው በትልልቆቹ ሰዎች ቤት ደጃፍ ከሆነ፥ በዚያች በግማሽ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ርቀት በሜትር የሚለካ አይደለም።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ በራሱ ላይ ደርሶበት ያየው ዶክተር አምቤድካር ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበረው ይህ ሰው በ1901፥ ገና የ10 ዓመት ያህል ልጅ ሳለ፥ ከወንድሙና ከዘመዶቹ ጋር አባቱን ሊጠይቅ በባቡር ተጉዞ ማሱር ከሚባል ጣቢያ ወረደ። ከጣቢያው ወደ አባቱ ዘንድ የሚወስድ መንገድ ነበረ። በበሬ የሚጎተቱ ጋሪዎችም ቆመው ነበር። የሚከፍሉትም ገንዘብ ልጆቹ ይዘዋል። ነገር ግን ማሃር ከሚባለው፥ አይነኬ ከሚሉት ወገን መሆናቸው በታወቀ ጊዜ ባለጋሪዎቹ ሁሉ እምቢ አሉ። በመጨረሻ አንዱ ባለጋሪ እጥፍ ዋጋ ተከፍሎት ተስማማ፤ እርሱ ጎን ለጎን በእግሩ እየሄደ ልጆቹ ራሳቸው እንዲነዱ ማለት ነው። መንገድ ነበረ፥ ጋሪ ነበረ፥ ገንዘብ ነበረ፤ መጓጓዣ ግን አልነበረም። በየትኛውም መዝገብ ቢሆን ያ መንደር «መንገድ አለው» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ጋንዲ የሕንድን ነፍስ በመንደሯ ውስጥ ሲፈልግ፥ አምቤድካር በ1948 በሕገ መንግሥት ጉባኤው ላይ መንደርን ያለ ርኅራኄ የነቀፈው ለምን እንደ ሆነ ከዚህ ይገባናል። ለአንዱ መንደር የሚኖርበት ቤት ሲሆን ለሌላው የሚወጣበትን በር የሚፈልግበት እስር ቤት ነበርና።

የመንገዱ ጥናት የተናገረውም ከዚህ የራቀ አይደለም። አሸርና ኖቮሳድ በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ መንገዱ ከተሠራ ከ4 ዓመት በኋላ በመንደሪቱ የእርሻ ምርትም፥ ገቢም፥ ንብረትም ይህን ያህል ተለውጦ አላገኙትም። የተለወጠው ሰዉ ነው፤ ከእርሻ ሥራ ወጥቶ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄደው በዛ። አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ «እንግዲያው መንገዱ ከንቱ ነበር» አለ። እኔ ግን ተቃራኒውን አነበብሁበት። ባላገሩ መንገዱን የፈለገው ድንች ለመጫን ብቻ አልነበረም፤ ራሱ ሊሄድበት ነበር። ጧት ወጥቶ ሠርቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው፥ መንደሩን ጥሎ ወደ ከተማ ከሚፈልስ ሰው ይሻላል፤ ኡታራካንድም ይህንኑ ታስተምረናለች። ነገር ግን ጧት ለመውጣትና ማታ ለመግባት አስፋልት ብቻ አይበቃም፤ በአስፋልቱ ላይ የሚሄድ ነገር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ደርሰን ነው አውቶቡስ የምንለው። በሕንድ ብዙዎቹ ክፍላተ ግዛት በ1950ው አዋጅ መሠረት የተቋቋሙ የአውቶቡስ ኮርፖሬሽኖች አሏቸው፤ አብዛኞቹም በኪሳራ የሚሠሩ ናቸው። ኪሳራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሰረዘው ሰው የሚያንስበት የገጠር መስመር ነው። ባዶውን ቦታ የሚይዘው የግል ጂፕ ነው፥ ወይም እነሱ «አውቶ» የሚሉት ባለ ሦስት እግር መኪና ነው። ይህን መኪና እኛም በደንብ እናውቀዋለን፤ ፑኔ ከተማ ባለው ፋብሪካው ስም «ባጃጅ» ብለን የምንጠራው እርሱው ነው። በሰሜን ሕንድ ደግሞ የውሃ መሳቢያ ሞተር በእንጨት ሠረገላ ላይ ገጥመው «ጁጋድ» የሚሉትን መኪና ይሠራሉ። የባላገሩን ብልኀት አደንቃለሁ፤ ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚነሡት ሲሞሉ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ መኪናው እስኪሞላ አይጠብቅም።

ከሰማኋቸው ዘዴዎች ሁሉ የምወደው በማሃራሽትራ የቆየውን ነው፤ አውቶቡሱ መንደር ውስጥ ያድራል። ማታ የመጨረሻውን መንገደኛ አድርሶ፥ ነጂውና ትኬት ቆራጩ እዚያው ተኝተው፥ ጧት ወተት የሚሸጠውን፥ ተማሪውን፥ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለውን ጭኖ ይወጣል። ይህ አዲስ መንገድ አይጠይቅም፥ አዲስ ማሽንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አውቶቡሱ የት ይደር የሚለውን የሚወስነው ሰው ከከተማው ወደ መንደሩ ሳይሆን ከመንደሩ ወደ ከተማው እንዲያስብ ነው። ከከተማ የሚነሣው የመጀመሪያ አውቶቡስ መንደር ሲደርስ ረፋድ ይሆናል፤ በረፋድ አውቶቡስ ወደ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ የለም።

ደግሞ ወተቱን እንመልከት። ከ1946 ጀምሮ በጉጃራት በካይራ አውራጃ የተነሣው የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር፥ በኋላም በ1970 የተጀመረው የወተት ፕሮግራም፥ ብዙ መንደሮችን ከከተማ አገናኝቷል። ወተቱ ጧትና ማታ ይሰበሰባል፤ ካሚዮኑም በሰዓቱ ይመጣል። ለምን ቢባል ወተት ቢዘገይ ይበላሻል፤ መበላሸቱም ዕለቱን በገንዘብ ይቆጠራል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር ግን ዕለቱን የሚሸት ነገር የለም። ጉዳቱ የሚታየው ከ15 ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፥ ለእርሱ ሲባል በሰዓቱ የሚመጣ ካሚዮን አልተገኘም። ለወተት የተቻለ ነገር ለሰው አይቻልም ቢሉኝ እንዴት ብዬ ልመን?

ስለ ሕመምተኛም አንድ ቃል። በ2005 በአንድራ ፕራዴሽ የተጀመረው 108 የተባለው የአምቡላንስ አገልግሎት ዛሬ በብዙ ክፍላተ ግዛት ይሠራል። አምቡላንሱ የሚመጣው ግን መንገዱ እስካለበት ነው። በአንድራና በኦዲሻ ተራሮች ያሉ አዲቫሲዎች ሕመምተኛቸውንና ወላድ ሴታቸውን «ዶሊ» በሚሉት፥ በእንጨት ላይ በታሰረ ጨርቅ ወይም አልጋ ተሸክመው እስከ መንገዱ ጫፍ ይወርዳሉ። ቃሬዛ ለምናውቅ ለኛ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መዝገቡ ላይ ግን የቃሬዛ ተሸካሚ ብዛት የሚጻፍበት ዓምድ የለም።

ስለ ሕንድ ይህን ያህል መጻፌ ለምን ነው የሚለኝ ቢኖር፥ መለኪያው እኛም ዘንድ አለ እለዋለሁ። የኛ የመንገድ መሥሪያ ቤት ከ1997 በተጀመረው የመንገድ ልማት ፕሮግራም ውጤቱን ሲያስታውቅ ከተጠቀመባቸው መለኪያዎች አንዱ፥ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው የአገሪቱ ስፋት ስንት በመቶ ነው የሚለው ነበር። ያችው 5 ኪሎ ሜትር! ዓለም አቀፉ መለኪያ በበኩሉ 2 ኪሎ ሜትር ይላል። ሁለቱም የሚለኩት የቆመ ሰው ከመንገድ ያለውን ርቀት ነው እንጂ፥ የተጓዘ ሰው በስንት ሰዓት ደርሶ በስንት ሰዓት እንደ ተመለሰ አይደለም።

የሕንድ መንግሥት በ2025 ባወጣው ማስታወቂያ፥ የተላለፈው ቆጠራ በማርች 1 ቀን 2027 ባለው ሕዝብ መሠረት እንዲሆን ወስኗል። የመንደሩ መዝገብም እንደ ልማዱ አብሮ መታደሱ አይቀርም። ከተቻለ ከ«ሀ»፥ «ለ»፥ «ሐ» ቀጥሎ ሦስት ዓምዶች ቢጨመሩ ምንኛ በተገባ ነበር፦ ጧት የመጀመሪያው መኪና ከመንደሩ የሚወጣው በስንት ሰዓት ነው? ማታ የመጨረሻው የሚመለሰው በስንት ሰዓት ነው? የደርሶ መልሱ ዋጋ ከአንድ ቀን የጕልበት ሥራ ደመወዝ ስንት እጅ ይወስዳል? እነዚህን ለመመለስ ሊቅ መላክ አያስፈልግም፤ በመንደሩ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ማንም ሰው ያውቃቸዋል።

ዴልሂ የኛን ጋዜጣ እንደማታነብ አይጠፋኝም። ነገር ግን የጂኦግራፊና የስታቲስቲክስ ክፍል ጓደኞቻችን በመጪው ዕረፍት ለጥናት ወደ ገጠር ይወርዳሉ፤ የመጠይቁን ወረቀት የሚያዘጋጁት መምህሮቻችንም ይህን ገጽ እንደሚያነቡ ተስፋ አለኝ። «ከዋናው መንገድ ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር» የሚለው ጥያቄ በወረቀቱ ላይ ይቆይ። ከእርሱ በታች ግን ሁለት መስመር ባዶ ቦታ ይተውልን፤ የቤቱን ሴት ልጅ ትናንት በስንት ሰዓት ወጥታ በስንት ሰዓት እንደ ተመለሰች ጠይቀን እንድንሞላው።